ኮምፒዩተር የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው

በዚህ ዘመን በመሥሪያ ቤትም፣ በገበያም፣ በሐኪም ቤትም የኮምፒዩተር ነገር የማይነሣበት ቀን የለም። ጉዳዩን ሊያስፈጽም የመጣ ባላገር «ሲስተሙ እንዲህ ይላል» ተብሎ ይመለሳል፤ በስብሰባም ላይ አንድ ሹም «ይህ ቍጥር ከኮምፒዩተር የወጣ ነው» ካለ በኋላ የሚከራከረው አይገኝም። ቀድሞ «ተጽፏል» የሚለው ቃል የነበረውን ክብር ዛሬ ይህ መኪና ወስዶታል። ዳሩ ግን ከመኪናው የሚወጣው ቃል ከየት ተነሥቶ፣ በምን መንገድ አልፎ፣ እንዴት ሆኖ ዕውቀት እንደሚባል ጠይቆ የተረዳ ሰው የተጠቃሚውን ያህል ብዙ አይደለም። ነገሩም ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ምሥጢር አይደለም። በቀበሌ ቢሆን በደብር፣ በጤና ጣቢያ ቢሆን በፍርድ ቤት፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ የዚህ ሥራ መጀመሪያ ስለ ሆነ ሊያውቀው ይገባል።

ከቀላሉ ለመጀመር፣ በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ «9» የሚል ቍጥር ብቻውን ተጽፎ ቢገኝ ያገኘው ሰው ምንም አይማርበትም። ዘጠኝ በሬ ይሁን ዘጠኝ ብር፣ የተቀበሉት ይሁን የቀረባቸው አይታወቅም። በአጠገቡ «ኪሎ» የሚል ቃል ቢጨመርበት ክብደት መሆኑ ይገለጣል፤ የምን ክብደት እንደ ሆነ ግን ገና ስውር ነው። «የወንድ ልጅ ክብደት» ቢባል ነገሩ ጥቂት ይቀርባል። «ዕድሜው 2 ዓመት» ተብሎ ሲጨመርበት ግን ያ ዝም ብሎ የነበረው ቍጥር አፍ አውጥቶ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ያወጣው መስፈርት አለ፤ ይኸውም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደኅና የሚያድጉ ሕፃናት ተመዝነው የተዘጋጀ ነው። በዚህ መስፈርት የ2 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 12.2 ኪሎ ሲሆን፣ ከ9.7 ኪሎ በታች የሆነው ልጅ ክብደቱ ከዕድሜው ያነሰ ይባላል። እንግዲህ 9 ኪሎ የመዘነው ልጅ ተጐድቷል ማለት ነውና ምግብና ሕክምና ሳይውል ሳያድር ሊደርሰው ይገባል።

ባለሙያዎች ብቻውን የቆመውን «9» ዳታ ይሉታል፤ ከመለኪያው፣ ከዕድሜውና ከመስፈርቱ ጋር ተገናኝቶ «ይህ ልጅ ተጐድቷል» የሚል ፍች ሲገኝለት ደግሞ መረጃ ይባላል። የመጀመሪያው በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ ሁለተኛው ተፈጭቶና ተጋግሮ ለማዕድ የቀረበው ነው። ኮምፒዩተር በሁለቱ መካከል ያለው ወፍጮ ነው። ሥራውም ሲዘረዘር ሰው እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም፤ የተሰጠውን ይይዛል፣ አንዱን ከሌላው ያስተያያል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ በተርታ ያሰልፋል፣ ሲጠየቅም ያወጣል። የሚያስደንቀው ፍጥነቱና አለመሰልቸቱ ነው። አንድ ጸሐፊ በቀን የሁለት መቶ ሕፃናትን ክብደት ከመስፈርቱ ጋር ቢያስተያይ ወደ ማታ ዐይኑ ይደክማል፣ ብዕሩም ይስታል፤ መኪናው ግን ሚሊዮኑን አስተያይቶ ሲጨርስ እንደ መጀመሪያው ነው።

ይህ ዐይነቱ ሥራ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ኮምፒዩተር የሚመራበትና ባለሙያዎች ፕሮግራም የሚሉት ነገር በተርታ የተቀመጠ ትእዛዝ ነው፤ «መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ይህን አድርግ፣ እንዲህ ቢሆን በዚህ ሂድ፣ ባይሆን ግን በዚያ» የሚል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ ኮምፒዩተር ሳያይ ያውቀዋል። ለማስረጃ ያህል የ2018 ዓ.ም. በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ሒሳብ መመልከት ይበቃል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 ከ1879 ጋር ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል 3 ይተርፋልና መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ይውላል። ደግሞ 7518 ለዐሥራ ዘጠኝ ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ይወጣል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። በ25 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ተጨምሮ ሠላሳው ሲገደፍ 4 ይቀራልና ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጭ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ዓመቱ ነው። የወጣው ግን የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የጾምና የፍስክ፣ የሠርግና የገበያ ቀን ነው። ዳታ ወደ መረጃ ተለወጠ የሚባለው ይህ ነው። የሒሳቡን ሥርዐት ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ ሥርዐቱ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ግን ምሥጢሩ ያልገባው ጀማሪ ተማሪም እንኳ ትእዛዙን ሳያጓድል ከተከተለ ትክክለኛውን ቀን ያወጣል። ኮምፒዩተርም እንደዚያ ተማሪ ነው። ትእዛዙን ይፈጽማል እንጂ ጾም ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ርቦትም አያውቅም።

እንግዲህ አንድ ጸሐፊ 2018 ብሎ መጻፍ ሲገባው እጁ ስቶ 2017 ቢጽፍ ምን ይሆናል? ማካፈሉም፣ ማባዛቱም፣ መግደፉም አንድ ሳይሳሳት ተፈጽሞ «ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን» የሚል ቃል ይወጣል። ይህ ለ2017 እውነት ነው። በ2018 ግን ሚያዝያ 12 ቀን ሰኞ ነው። ትንሣኤ ሰኞ ዋለ ቢባል በሰንበት ትምህርት ቤት ያለ ሕፃን እንኳ ይስቃል፤ መኪናው ግን አይስቅም፣ አያፍርም፣ ያንኑ ጽሑፍ እጅግ ባማረ ፊደል አትሞ ያቀርባል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የመጀመሪያው ቃል ነው። ሰው ሲያነብ ነገሩ ካወቀው ጋር አልስማማ ሲለው ቆም ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ቆሞ የሚጠይቀው አስቀድሞ «እሑድ ካልሆነ ጠይቅ» ብሎ ያዘዘው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ከመጥፎው የሚለይበት አንዱ ምልክት እንዲህ ያለ ጥያቄ በውስጡ መኖሩ ነው፤ አሠሪ የሆነ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሲገዛ ስለ መስኮቱ ማማር ከመጠየቁ በፊት ይህን ቢጠይቅ ገንዘቡ አይባክንበትም።

በባሕረ ሐሳብ አንድ ቍጥር ገብቶ ብዙ ይወጣል። የመንግሥት ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ሚሊዮን ቍጥር ገብቶ ጥቂት ቃል ይወጣል። መኪናውን የወለደውም ይኸው ችግር ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ያስቈጠረውን ሕዝብ ዝርዝር ጸሐፊዎች በእጅ ሲደምሩ ከሰባት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጀባቸው። ቈጠራው በየዐሥር ዓመቱ የሚደረግ ስለ ሆነ የአንዱ ድምር ሳያልቅ ሌላው ሊደርስ ነው የሚል ሥጋት ሆነ። ከዚያ በኋላ ኸርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ካርድ አዘጋጀ፤ በካርዱም ላይ ለጾታው፣ ለዕድሜው፣ ለትውልድ አገሩና ለሥራው በተመደበው ስፍራ ቀዳዳ ይበሳበታል። ካርዱ በመኪናው ላይ ሲጫን በቀዳዳው በኩል ሹል ሽቦ አልፎ በበታቹ ካለው ባዜቃ ጋር ይገናኛል፤ ባዜቃና ሽቦ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የመቍጠሪያው ቀስት አንድ ጊዜ ፈቅ ይላል። ቀዳዳ በሌለበት ግን ቀስቱ አይነቃነቅም። በ1890 ዓ.ም. የተቈጠረው ከ62 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በዚህ መንገድ ተደመረ። የሆለሪት ማኅበርም በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሐደ፤ ከ1924 ጀምሮም አይ ቢ ኤም ተባለ።

በኢትዮጵያም የሕዝብና የቤቶች ቈጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። የሦስተኛው ቈጠራ ውጤት ከ73 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበረ። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ ተዘጋጅቶ ሳለ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በየጽሑፉ የሚነበበው የሕዝብ ቍጥር በአሮጌው ቈጠራ ላይ የልደትና የሞት ግምት እየተጨመረና እየተቀነሰ የተሰላ ነው። እንዲህ ያለው ስሌት በሊቃውንት ዘንድ የታወቀና የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን በሥንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ የተቈጠረውና የተገመተው በመልክ አይለዩም። ለአንድ ወረዳ ስንት መምህር፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ፣ ስንት ክትባት እንደሚያስፈልገው የሚወስን ሹም በእጁ ያለው ቍጥር ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

የሆለሪት ቀዳዳ ዛሬ በካርድ ላይ የለም፤ ሥርዐቱ ግን አልተለወጠም። የዛሬው ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም። ባለሙያዎች ይህን 1ና 0 ብለው ይጽፉታል፤ ከእነዚህ ከሁለቱም ቍጥር ሁሉ ይሠራል። ፊደልም ቢሆን ለመኪናው ቍጥር ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም የፊደላት ሥርዐት በዩኒኮድ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጠው። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ሆኑ፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928 ሆኑ።

የፊደል ነገር የሚገዳቸው ሰዎች ከዚህ ላይ ጥቂት ቢቆዩ መልካም ነው። ብዙ ዘመን «ድምፁ አንድ ከሆነ በየትኛውም ቢጻፍ ምን ቸገረ?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። የቅኔ መምህራን ግን ሠረቀ በንጉሡ ሠ እና ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፉ አንዱ የፀሐይ መውጣት፣ ሁለተኛው ሌብነት መሆኑን እያስረዱ ተከራክረዋል። ኮምፒዩተር ሳያስበው ከመምህራኑ ወገን ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ የሚለው ስም በትክክል ሲጻፍ ለመኪናው 4928፣ 4624፣ 4845 ነው፤ ጸሀይ ተብሎ ሲጻፍ 4920፣ 4608፣ 4845 ነው። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለመኪናው ግን ሁለት ሰው ነው። በፀና በጸ፣ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ እየተለዋወጠ ይህ አንድ ስም ብቻ በዐሥራ ሁለት መልክ ሊጻፍ ይችላል። ወይዘሮ ፀሐይ በጤና ጣቢያ በአንደኛው፣ በገቢዎች በሁለተኛው፣ በባንክ በሦስተኛው መልክ ቢመዘገቡ፣ ሦስቱን መዝገብ እንዲያገናኝ የታዘዘው ኮምፒዩተር «እኒህ ሰው አይታወቁም» ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ፕሮግራም ሠሪዎች ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቈጥሮ እንዲፈልግ ሊያዝዙት ይችላሉ፤ በብዙ ስፍራም ያዝዙታል። የታዘዘ ከሆነ ያገኛል፤ ካልታዘዘ ግን ባለጉዳይዋ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች።

የቍጥርም ስሕተት ከዚህ የቀለለ አይደለም። ባለ ካርድ ያልሆነ የመብራት ቈጣሪ ያለው ቤት በመጋቢት 4210፣ በሚያዝያ 4365 ቢያነብ የበላው ኤሌክትሪክ 155 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንባቢው 4365 ማለት ሲገባው ሁለቱን ቍጥር አዛውሮ 4635 ቢጽፍ፣ መኪናው 425 ብሎ ሒሳቡን ያወጣል። የመቀነሱ ሥራ ትክክል ነው፤ ቤተ ሰቡ ግን ያላበራውን መብራት ይከፍላል። ይህ ቢሆን ባለቤቱ ወደ ቈጣሪው ሄዶ ማየት ስለሚችል ነገሩ ይታረማል። የሚያስፈራው ባለቤቱ ሄዶ የሚያየው ቈጣሪ የሌለበት ስሕተት ነው።

ዕድሜ እንዲህ ካለው ነገር ዋናው ነው። ወደ መጀመሪያው ልጅ እንመለስ ቢባል፣ ክብደቱ 9 ኪሎ፣ ዕድሜው 2 ዓመት የሆነው ልጅ የተወለደበት ቀን በቤት አልተጻፈም እንበል። እናቱ ስትጠየቅ ታመነታለች፤ ሠራተኛውም ሰልፉ ስለ በዛበት «1 ዓመት» ብሎ ይጽፋል። የ1 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 9.6 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ይህን ልጅ ከደኅኖቹ ጋር ይደምረዋል። ሚዛኑ አልዋሸም፣ መስፈርቱ አልተለወጠም፣ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም፤ ነገር ግን አንዲት ቍጥር በግምት ስለ ገባች ልጁ ምግብ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በወረዳውም ሪፖርት ላይ የተጐዱት ሕፃናት ቍጥር በአንድ ያንሳል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀበሌ በሃያ ልጆች ላይ ቢደርስ የሚላከው ምግብ በሃያ ልጅ ያንሳል፤ ለምን እንዳነሰም የሚናገር ወረቀት አይኖርም።

በዚህ ላይ የዘመን አቈጣጠር ልዩነት ይጨመርበታል። የኢትዮጵያ ዓመት ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል፤ ብዙ ፕሮግራም ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቀኑ ሳይለወጥ እንዲሁ «2016» ተብሎ ቢገባ፣ ገና የሚድኸው ሕፃን በመኪናው ዘንድ ተማሪ ሆኖ ይገኛል። በጳጉሜን የተወለዱትማ ዕዳቸው የባሰ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ መኪና «13» ሲባል አልቀበልም ይላል፤ ጸሐፊውም ሥራውን ለመጨረስ ሲል መስከረም 1 ወይም ነሐሴ 30 ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰው ልደት በሰነድ ላይ ከእናቱ ምጥ ቀን ይለያል።

ይህን ለማረም የሚያስችል ሕግ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ፣ ቍጥሩ 760፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ከዚህ ላይ ካህናት ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ሁለቱም ቀኖች ሕጉ ከወሰነው ከዘጠናው ቀን በፊት የሚውሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ልጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ ለወንዱ 50፣ ለሴቷ 10 ቀን ገና ይቀረዋል። ካህኑ ቀኑን ቈጥረው የሚያጠምቁ ስለ ሆነ የልደቱን ቀን ከቀበሌው ጸሐፊ ይልቅ እርሳቸው አስቀድመው ያውቁታል፤ «ወደ መዝገቡም ሂዱ» የምትል አንዲት ቃል ከጥምቀቱ በኋላ ቢጨምሩ የልጁ ዕድሜ ለዘለቄታው ይታወቃል። የሴቶቹ ቀን ጥቂት ስለ ሆነ ለእነርሱ መቸኰል ያስፈልጋል። በእስልምናም ሥርዐት ሕፃኑ ስም የሚወጣለት ቀን ስላለ የመስጊድ ሽማግሎች ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ኮምፒዩተርም አያስገዛም።

የልደቱ ቀን ትክክል መሆን ከቀድሞው ይልቅ አሁን የከበደበት ምክንያት አንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር መያያዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 መሠረት ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ 12 አኃዝ ያለው ቍጥር ለየሰው ይሰጣል፤ የጣት አሻራና የዐይን ምስል ይወሰዳል። አሻራው ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ይመሰክራል፤ ስሙ በትክክል መጻፉንና የተወለደበት ቀን እውነት መሆኑን ግን አሻራ አይመሰክርም። ያ አሁንም በሰው ቃልና በቀድሞ ወረቀት ላይ የቆመ ነው። ቀድሞ አንድ ስሕተት በአንድ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ግን ከመታወቂያው ወደ ባንኩ፣ ከባንኩ ወደ ስልኩ፣ ከዚያም ወደ ጡረታው ይሄዳል።

እንዲህ መያያዙ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በየመዝገቡ ተበትኖ ሲኖር የማይጐዳ ነገር አንድ ላይ ሲሰበሰብ የሰውን ገመና ይገልጣል፤ የበሽታው ስም በአንድ ወረቀት፣ ዕዳው በሌላው፣ የሚውልበት ስፍራ በሦስተኛው ቢሆን ማንም አያውቀውም፤ ሦስቱ ሲገናኙ ግን ሰውየው ራቍቱን እንደ ቆመ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. የወጣው ስለዚህ ነው። የነፍስ አባት የሰሙትን ኑዛዜ ለሌላ እንዳይናገሩ ሥርዐቱ ይከለክላቸዋል። በኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ጸሐፊ እንደዚያ ያለ ማዕርግ የለውም፤ የሚያየው ምሥጢር ግን አያንስም።

ከስሕተት የከፋው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚጻፍ ነው። በታች ያለው ሠራተኛ በላይ ያለውን ለማስደሰት ሲል ያልተተከለውን ችግኝ ተተከለ፣ ያልተከተበውን ሕፃን ተከተበ ብሎ ቢጽፍ፣ ቀበሌው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል ያን እየደመረ ያሳልፈዋል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ወሬ በቃል ሲመጣ ሰሚው በተናጋሪው ፊት ላይ አንድ ነገር ያነብ ነበር። ከኮምፒዩተር ሲወጣ ግን ፊት የለውም፤ «97.4 በመቶ ተፈጽሟል» ይላል፤ ነጥቧ አራትም ታማኝነት ትጨምርለታለች። ሐሰት ከነአካፋዩ በትክክል ሊሰላ መቻሉን የሚያስታውስ የለም። መድኀኒቱ አንድ ነው፤ ሹሙ ከመቶው መንደር ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሳይናገር መርጦ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ችግኙን በዐይኑ ቈጥሮ ከሪፖርቱ ጋር ማስተያየት። ደግሞም «አልተፈጸመም» ብሎ እውነቱን የጻፈውን ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚቀጣው ሹም፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚደርሰው ሪፖርት ሁሉ የተፈጸመ እንደሚሆን ሊያውቅ ይገባል።

ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥም ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ ልደቱ ያልተጻፈለት ልጅ በየገጠሩ ብዙ ነውና። ለዚህ ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት የቆየ መንገድ አለ። እናቲቱን «ስንት ወሩ ነው?» ብለው ብቻ አያልፉም፤ የአካባቢውን በዓላት፣ የእርሻውን ወራትና በሰፈሩ የሚታወሱትን ድርጊቶች በተርታ የጻፉበት ሰሌዳ ይይዛሉ። «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጤፉ ሲታጨድ ነው ወይስ ሲወቃ? የታቦቱ ንግሥ በሆነበት ሳምንት ወይስ ከዚያ ወዲህ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ በጥያቄው መጨረሻ ልደቱ በአንድ ወር ወይም በሁለት ወር ውስጥ ይታወቃል። ይህን ሰሌዳ ለየአጥቢያው ለማዘጋጀት ከደብሩ አለቃና ከሰፈሩ ሽማግሎች የተሻለ ሰው አይገኝም፤ የጤና ጣቢያ ሹሞች አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነርሱ ጋር ቢቀመጡ ሥራው ያልቃል።

በመዝገቡም ላይ ከዕድሜው አጠገብ አንዲት ጠባብ ዐምድ ብትጨመር፣ ጸሐፊው በውስጧ «የታወቀ» ወይም «የተገመተ» ብሎ ይጽፍባታል። ፕሮግራሙን የሚሠራው ባለሙያ ይህችን ዐምድ ለመጨመር ብዙ ቀን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሲጠየቅ የታወቀውን ለብቻ፣ የተገመተውን ለብቻ ደምሮ ያቀርባል፤ ምግብ የሚያከፋፍለውም ሹም የተገመቱትን ልጆች እንደገና አስመዝኖ፣ በክንዳቸውም ላይ መለኪያውን አዙሮ ማየት እንዳለበት ከወረቀቱ ላይ ያነባል።